ሽማግሌውን ማን አስገባው?

አማን፣ ጀበል ሁሴን
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙላቱ፣

የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንትህን ሳይነካ፣ መድኃኔዓለም ከነቤተሰብህ ደህና ያክርምህ። እኔ ደህና ነኝ። እናትህ የአክስቴ ልጅ ብትሆንም ከእህት አሳንሼ አላያትም፤ ልጄን ቃልኪዳንን ቤቷ አስገብታ ይዛልኛለችና ውለታዋን እሱ ይክፈላት። ቃልኪዳን የነርስነቱን ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ጀመርኩ ብላ ደውላልኛለች። ሳትመረቅ እዚህ ዐረብ አገር ያለኝን ሥራ እንዳላጣ ነው የዘወትር ጸሎቴ። ከተመረቀች በኋላ የፈለገው ይምጣ።

በስልክ መጠየቅ ስችል ወረቀት የማበላሸው ወድጄ አይደለም። በስልክ ስጠይቅህ «ቀላል ነው እትዬ» ትልና ትዘጋዋለህ። በጽሑፍ ሲሆን ግን ቁጭ ብለህ ታስባለህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኻልዳ ሰፈር፣ ማማ የምላት አሠሪዬ ቤት፣ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ እንደወጣሁ ታውቃለህ። ልጆቿ አግብተው ሄዱ፣ ቤቱ ባዶ ቀረ፤ «ሂጂ ውጭ ሥሪ፣ ወረቀትሽ በስሜ ይቆይ» አለችኝ። ኢቃማዬም፣ መኖሪያ ፈቃዴ ማለቴ ነው፣ የሥራ ፈቃዴም እስካሁን በእሷ ስም ነው፣ የቤት ሠራተኛ ይላል። እኔ ግን ካለፈው ግንቦት ጀምሮ የአንድ ሸሪካ፣ ኩባንያ ማለታቸው ነው፣ ቢሮ አጸዳለሁ። የሕክምና ኢንሹራንስ የሚሠራ ትልቅ ሸሪካ ነው፤ የስንቱ ሰው በሽታ ኮምፒውተራቸው ውስጥ ተጽፎ እንዳለ እግዜር ይወቅ። ሲቀጥሩኝ ወረቀቴን አልጠየቁኝም፣ እኔም አላሳየሁ።

አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል አለ። ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ማሽኖች ተደርድረው ያለ እረፍት ይጮኻሉ፤ ብርዱ የእናንተን ከተማ ያህል ነው። እዚያ የሚገቡት የኮምፒውተሩ ኃላፊ ሙሀንዲስ ያሲን፣ ከሥሩ ያሉ ሁለት ሰዎችና እኔ ነን። እነሱ ለማሽኑ፣ እኔ ለአቧራው።

ባለፈው ሳምንት ያሲን ሻይ የሚያፈላውን ግብፃዊ ሳይቀር ሁላችንንም ሰበሰበን። አንድ ሌላ ሸሪካ በኮምፒውተር ሌባ ተመትቶ ሦስት ሳምንት ሥራ ፈትቶ ነበር አለ። «ሌባው በመስኮት አይመጣም። በእናንተ በኩል ነው የሚመጣው፤ በሩ እናንተ ናችሁ» አለና እኔን ለይቶ አየኝ። ከዚያ ወረቀት አስፈረመን። ዐረብኛ በአፌ እንጂ በዓይኔ አላውቅም፤ ዝም ብዬ ፈረምኩ።

ያንተም ሥራ ይኸው አይደል? እስቲ አስረዳኝ፣ ምንድነው የሚጠብቁት? መጥረጊያ የያዘች ሴት እንዴት በር ትሆናለች? እናትህን ሳምልኝ።

እትዬህ ደማቀች

*

ደብረ ብርሃን
ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ደማቀች፣

ጤናዎ እንደምን ነው? እኛ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብን የለም። እናቴ «ካፖርቷን ትልበስ በላት» ብላለች። መልሱ የዘገየው ሥራ ጠፍሮ ይዞኝ ነውና ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤውን የሚያመጣልዎት ኸይረዲን የሚባል የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ሳሃብ ፋብሪካ ይሠራል፣ እረፍቱን ጨርሶ ሊመለስ ነው።

ጥያቄዎ መጀመሪያ አስቆኝ ነበር፣ ሳስበው ግን ቀላል አይደለም። የእኛ ሥራ ግቢ መጠበቅ ነው ማለት ይቻላል። ከኢንተርኔት የሚመጣውን እያየ የማይታወቀውን የሚመልስ የውጭ አጥር አለ። አጥር የሚዘል አይጠፋምና ውስጡንም እንከፋፍለዋለን፣ ሳሎን የገባ ሌባ ጓዳ እንዳይደርስ። የሠራተኛው የይለፍ ቃል ቢሰረቅ እንኳ ስልኩ ላይ የሚላክ ሌላ ቁጥር እንጠይቃለን። ማን መቼ እንደገባ ሁሉ ይመዘገባል፤ ያንን መዝገብ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው አለን፣ ዓይኑ እስኪቀላ። የመረጃው ቅጂ ደግሞ ከኔትወርኩ ተነጥሎ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ሌባው ሁሉን ቆልፎ «ክፈሉኝ» ቢል፣ ከቅጂው ተነስተን እንሠራለን።

ታዲያ ይህ ሁሉ ተደርጎ አንድ ሰው በእጁ ከከፈተ ምን ዋጋ አለው? ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ስለዚህ ሰዉንም እንፈትናለን፤ ሳንነግር ሌባ መስለን እንመጣለን።

ደስ የሚልዎትን ልንገርዎት፤ እኔ ፈታኝ ሆኜ ተመደብኩ። ባለፈው ወር የቴክኒሻን ሰደርያ ለብሼ፣ ካርቶን ተሸክሜ ወደምሠራበት የቁጠባ ተቋም አንድ ቅርንጫፍ ሄድኩ። በር ላይ ጋሽ ሀብተ ማርያም የሚባሉ ጥበቃ አሉ። «ከዋናው ቢሮ ነኝ፣ ማሽን ተበላሽቶ ነው» አልኳቸው። መታወቂያ እንኳ አልጠየቁኝም። «ደክሞሃል ልጄ» ብለው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ፣ ቁልፉንም ራሳቸው አመጡት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ማሽኖቹ መሃል ቆሜ ፎቶ ተነሳሁ። ሪፖርቱን ሳቀርብ አለቆቼ አጨበጨቡልኝ። ቢሮው እስካሁን ይሥቃል።

አንድ ነገር ላስቸግርዎት። እዚያ ያገለገለ ላፕቶፕ እንደልብ ይገኛል ይባላል። ለማጥናት ያህል አንድ ቢፈልጉልኝ ምስጋናዬ ብዙ ነው።

ልጅዎ ሙላቱ

*

አማን
ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙላቱ፣

እንደምነህ? ጥምቀትን በደህና አሳለፋችሁ ወይ? እዚህ ዝናብ ነው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ትናንትና ነው። ኸይረዲን ሳሃብ ገብቶ ፈረቃው ሲያዞረው ሻንጣው ውስጥ ረስቶት ከረመ። ሳሃብ እኮ ከእኔ በአንድ አውቶቡስ የሚደረስበት ነው፤ እሱ አልመጣ፣ እኔ መኖሩን አላወቅሁ። ከገና በፊት ደርሶኝ ቢሆን ኖሮ። ይሁን፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

የጥበቃውን ወሬ ለናጂያ አነበብኩላት፤ ከእኔ ጋር የምትኖረዋ የወሎ ልጅ ናት። እሷ ሣቀች። እኔ አልሣቅሁም። ጋሽ ሀብተ ማርያም ከዚያ ወዲያ ምን ሆኑ? እሱን ሳትጽፈው አለፍክ።

ምክር ልጠይቅህ። ከእኔ ጋር የምታጸዳ አንዲት ሴት አለች። እሷም እንደ ሽማግሌው ሳታውቅ በር ከፈተች። ለካ ያስገባችው ሰው እንደ አንተ ፈታኝ ኖሯል። እስካሁን ማንም ምንም አላላትም፤ ሪፖርቱ እየተጻፈ ነው ይባላል። ታዲያ ዝም ትበል ወይስ ሳትጠየቅ ቀድማ ትናገር? እህል አልወርድ ብሏታል። እባክህ ቶሎ መልስልኝ፣ በኸይረዲን ግን አትላክ።

ላፕቶፑን አይቼልሃለሁ። ትንሽ ይቆይ።

ደማቀች

*

ደብረ ብርሃን
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ደማቀች፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎት። ደብዳቤዎ አጭር ሆኖብኝ ደነገጥኩ። እርስዎ እኮ ዝናቡን ብቻ ገጽ ሙሉ ይጽፉ ነበር።

ለዚያች ሴት እንዲህ ይበሉልኝ፦ ቀድማ ትናገር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ደህና ተቋም እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ አሠራሩን ያርማል እንጂ ሰው አይቀጣም፤ እኛም የተማርነው እንደዚያ ነው። ብቻ ሁሉንም ትናገር። ግማሹን ተናግራ ግማሹን ብትደብቅና በኋላ ቢደረስበት፣ ሆን ብላ ያደረገችው ይመስላል። አንዳች ነገር ሳታስቀር ገብታ ታስረዳቸው።

ጋሽ ሀብተ ማርያም ቦታ ቀይረዋል ብለውኛል።

ቃልኪዳን ሐኪም ቤት ልምምድ ልትወጣ ነው። ነጭ ጫማ ያስፈልጋታል፣ እርስዎን መጠየቅ አፍራ ነው እንጂ። እናቴ ሰላም ብላለች።

ሙላቱ

*

አማን
መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙላቱ ልጄ፣

እንደምን ከረምክ? እዚህ እስላሙ ፆሙን ሊፈታ ሁለት ቀን ቀረው፣ እኛ ሁዳዴ ላይ ነን። እኔና ናጂያ በአንዲት ክፍል ውስጥ ተራ በተራ እንርባለን። የቃልኪዳንን ጫማ ገዝቻለሁ፤ ሰው ሲገኝ እልካለሁ።

ያቺ ሴት እኔ ነኝ። አንተም አውቀኸዋል፤ አውቀህ ዝም አልከኝ እንጂ።

የገና ማግስት ነው። በዓሉን እዚህ ያሉት አያውቁት፣ እኔ ግን ልቤ ገና ዓመት በዓል ላይ ነበር። ዝናቡ ሲወርድ ነው የዋለው። የአራተኛ ፎቅን ኮሪደር ስወለውል አንድ ሽማግሌ ከሊፍት ወጡ። ጢማቸው ነጭ፣ ኮታቸው የበሰበሰ፣ ትልቅ ካርቶን ታቅፈው አንድ እግራቸውን ይጎትታሉ። «ያ ቢንቲ፣» ልጄ ሆይ ማለት ነው፣ «ወደ ያሲን ክፍል ነው፣ እጄ ዛለ፣ ክፈችልኝ» አሉኝ። ያሲን የለም። አባቴን የሚያህል ሰው ሸክም ይዞ ፊቴ ቆሞ እኔ «ወረቀትህን አሳየኝ» ልበል? እናቴ ከመቃብር ተነስታ በጥፊ ትለኛለች።

ከፈትኩ። መክፈት ብቻ መሰለህ? ካርቶኑን ተቀብዬ ራሴ ተሸክሜ አስገባሁላቸው፣ ወንበር ሳብኩላቸው፣ ብርድ እንዳይመታቸው ብዬ ሻይ በመረሚያ ቅጠል ላፈላ ወጣሁ። እኔ ሻይ ሳፈላ እሳቸው ጣት የምታክል ዕቃ አንዱ ማሽን ላይ ሰኩ። ሌባ ቢሆኑ ኖሮ በዚያች ዕቃ ሁሉን ይዘው ይወጡ ነበር አሉ። ሻዩን ጠጡ፣ መረቁኝ። እኔም አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

ሪፖርቱ ከደብዳቤህ ቀድሞ መጣ፤ ሁላችንንም ጠሩን። ግድግዳው ላይ ፎቶ ወጣ። እኔ ነኝ፣ ትሪ ይዤ ፈገግ ብዬ፤ ሰውየው ኮታቸው ላይ ካሜራ ነበራቸው። ሰዉ ሣቀ። ክፋት አልነበረበትም፣ ግን ሣቀ። የኔ አረብ ጓደኞች እንኳ፣ ከእጄ ቡና የሚጠጡት። ያሲን አልሣቀም፣ እሱ እንዴት ይሣቅ? የዚያን ክፍል ካርድ የሰጠኝ እሱ ነው፣ በየሳምንቱ ልከፍትልሽ መምጣት ሰለቸኝ ብሎ።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ አንተ እንዳልከኝ ሙዲሩ ዘንድ፣ ዋናው አለቃ ማለት ነው፣ ገብቼ ተናገርኩ። የያሲንን ካርድ ብቻ ዋጥኩት፤ ሚስቱ ልትወልድ ነው። «ካርዱን ከየት አመጣሽ?» ሲለኝ «ከድሮም ነበረኝ» አልኩ። ያሲንም አጠገቤ ቆሞ ሰማ።

ከዚያ ሙዲሩ ውሃ አቀረበልኝ፣ ትሁት ሰው ነው። «ኢቃማሽ በማን ስም ነው?» አለኝ። ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ «ወደዚያ ክፍል የሚገባ ሰው ሁሉ ማንነቱና ወረቀቱ ይጣራ» የሚል አለ አሉ። ሁሉንም ተናገሪ ብለኸኝ የለ? ተናገርኩ። ማንም አልተቆጣኝም። ቅጽ ሞሉ፣ ማማ ጋ ደወሉ። ማማ በእኔ ሰበብ እንዳትጠየቅ ፈርታ «ወይ በሰላም አገርሽ ግቢ፣ ወይ ጠፍታብኛለች ብዬ ለሹርጣ፣ ለፖሊሱ፣ አመለክታለሁ» አለችኝ። ትንሹ የልጅ ልጇ መራመድ የተማረው እጄን ይዞ ነው። ሙዲሩ ወረቀቴን ወደ ሸሪካው ለማዞር ሞክሮ ነበር፤ የቤት ሠራተኛ ወረቀት ወደ ሸሪካ አይዞርም ተባለ።

እስከ ግንቦት ጊዜ ሰጥታኛለች። ለቃልኪዳን እንዳትነግራት። ፈተና ላይ ናት።

አሁን አንድ ነገር ንገረኝ። ጋሽ ሀብተ ማርያም የት ናቸው? አልሸሹም ዞር አሉ ዓይነት መልስ አልፈልግም።

ደማቀች

*

ደብረ ብርሃን
ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

በምን አፌ ሰላም እንደምልዎት አላውቅም። ደብዳቤዎን ቢሮ ውስጥ አንብቤ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ያች ሴት እርስዎ መሆንዎን ጠርጥሬ ነበር። ብጠይቅዎት «አዎ» እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ሁሉንም ተናገሪ ስልዎት ወረቀትዎ በማን ስም እንዳለ ነግረውኝ ነበር፣ ገና በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ። ልብ አላልኩትም። የማስበው መጽሐፉ የሚለውን ነው።

ጋሽ ሀብተ ማርያም ቦታ አልቀየሩም። ሪፖርቱን ባቀረብኩ በሦስተኛው ቀን አሰናበቷቸው። «ጥበቃው ከቦታው ይነሳ» የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሪፖርቱን አብሮኝ ያዘጋጀው ሌላ ፈታኝ «መመሪያ ይሰጠው» እንበል ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ጠንከር ይበል ያልኩት፣ ሪፖርቱ እንዲያምር።

ባለፈው ቅዳሜ አፈላልጌ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ወዲያው አወቁኝ። ይረግሙኛል ብዬ ቆምኩ። «አንተ ልጅ፣ ያ ማሽን ተሠራ ወይ?» አሉኝ። ለምን እንደተባረሩ የነገራቸው የለም፤ አርጅተሃል ብለው ያሰናበቷቸው ነው የመሰላቸው። «አዎ፣ ተሠራ» አልኳቸው። «ተመስገን» አሉ። ሌላ ምንም ሳልናገር ተመለስኩ።

ዛሬ ጠዋት አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ያንን ቃል ልሰርዘው ብል፣ ሪፖርቱ ተዘግቷል አሉኝ። ላፕቶፑን እባክዎ ይተዉት፣ አልፈልገውም። ለቃልኪዳን አልነገርኳትም። ዓይኗን ማየት ግን ከብዶኛል። ምን ላድርግ፣ እትዬ? የሚያዙኝን ሁሉ አደርጋለሁ።

ሙላቱ

*

አማን
ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙላቱ፣

ይህን ደብዳቤ ራሴ ነኝ ይዤው የምመጣው፤ ሐሙስ ነው በረራዬ። ቤት ስገባ ሰው ይበዛል፣ እናትህ ታለቅሳለች፣ ቃልኪዳን ትጠይቀኛለች። እዚያ መሃል የማልናገረውን እዚህ ጽፌልህ እጅህ ላይ አስቀምጣለሁ።

አላኮረፍኩህም ብል መዋሸቴ ነው። አኩርፌሃለሁ። ግን በምክርህ አይደለም፤ ምክሩን የጠየቅሁህ እኔ ነኝ። ያኮረፍኩህ ያን ሽማግሌ ደጃፋቸው ድረስ ሄደህ «አዎ፣ ተሠራ» ብለህ በመመለስህ ነው። ሰው ከእንጀራው የተነሳበትን ምክንያት ማወቅ አለበት። ምን ላድርግ ብለሃል፤ ሄደህ ንገራቸው። ቢረግሙህም ተረገም።

የቃልኪዳንን ነገር አላውቅም። ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል። እዚያ መጥቼ ምን ሠርቼ እንደማስጨርሳት ዓይኔ አይታየኝም። ናጂያ «አላህ ያውቃል» ትለኛለች። እንደሚያውቅ እኔም አምናለሁ፣ ግን እኔ አላወቅሁም።

በእኔ ቦታ ኢልሀም የምትባል የኛው አገር ልጅ ቀጠሩ። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ወረቀቷ በሸሪካው ስም ነው። ያሲን መጥቶ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ «ሥራውን አሳያት፤ ያንን ክፍል በተለይ» አለኝ። ሁለት ሳምንት አስተማርኳት። የቱ ሽቦ በደረቅ ጨርቅ እንደሚጠረግ፣ የቱ እንደማይነካ። ከዚያ ስለ በሩ ነገርኳት። ካርድ የሌለው ሰው አይገባም፤ ሙዲሩም ቢሆን። ወረቀት የያዘ አይገባም፣ ካርቶን የያዘ አይገባም፣ ያዘነ አይገባም። «ሽማግሌ ሸክም ይዞ ቢመጣስ?» ብላ ጠየቀችኝ ከራሷ። ልጅቷ ብልህ ናት። «ፊቱን አትዪ» አልኳት። «ካየሽው ትከፍቻለሽ።» እሺ እትዬ አለች።

ዛሬ የመጨረሻ ቀኔ ነበር። ካርዴን ጠዋት ተቀበሉኝ። ልወጣ ስል ያ ክፍል ውስጥ የምለብሰው ሹራቤ ትዝ አለኝና አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ኢልሀም ውስጥ ናት፣ በመስታወቱ ትታየኛለች። መስታወቱን አንኳኳሁ። «ኢልሀም፣ ሹራቤን ረስቼ ነው፣ ክፈችልኝ» አልኳት። ቀና አለችና መልሳ አቀረቀረች። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየች ወደ በሩ መጣች።

«ካርድ አለሽ?» አለችኝ።

«የለኝም። ወስደውታል።»

«እንግዲያ ያሲን ይጠራልሽ እትዬ» አለችና ተመልሳ ሥራዋን ቀጠለች። አልከፈተችልኝም። ያሲንን አላስጠራሁም፣ ሹራቡን ትቼው ወረድኩ።

እኔው ነኝ ያስተማርኳት፣ ሆኖም አስለቀሰችኝ። ሰርቪሱ ውስጥ ገብቼ ጀበል ሁሴን እስክደርስ አለቀስኩ። ሾፌሩ ሰው ሞቶባታል ብሎ መሰለኝ ሬዲዮኑን ዘጋልኝ። ልጅቷን ግን ስሟን በክፉ አላነሳም። ጎበዝ ናት፣ እሷ ትቆያለች።

ደማቀች